«ኦልረዲ» ያልኩበት ቀን

ባለፈው ሳምንት ከአያት ወደ ቦሌ ልሄድ መኪና ጠርቼ ተሳፈርኩ። ገና ጉርድ ሾላ ሳንደርስ የሹፌሩ ስልክ ጠራ። ሹፌሩ ወጣት ልጅ ነው፤ አነሳና፣ «ኦልረዲ ቦሌ ነኝ፤ አምስት ደቂቃ ጠብቀኝ» ብሎ ዘጋው። መንገዱ ከፊታችን ድርቅ ብሎ ቆሟል። ከጎናችን ባቡሩ ጥሎን አለፈ። ልጁ በመስታወቱ ቀና ብሎ ሲያየኝ እየሳቅሁ ነበር።

«ምነው ማዘር፣ ዋሸ ብለው ነው?»

«መዋሸትህንስ ተወው። ኦልረዲ ስትል ምን ማለትህ ነው?»

ትንሽ አሰበ። «ያው… ኦልረዲ ነዋ። ቃሉ ገብቶኛል፤ በአማርኛ በሉ ሲባል ግን ይጠፋኛል።»

እውነቱን ነው፣ በአማርኛ በሉ ሲባል ይጠፋል። የልጄ ልጅ ምሳ ቅረቢ ስትባል «ኦልረዲ በልቻለሁ» ትላለች። «በልቻለሁ» ብቻ ብትይ ምን ይጎድልብሻል ብዬ ብጠይቃት፣ «አያቴ ደግሞ፣ ፊሊንጉ ይጠፋል እኮ» አለችኝ። በሬዲዮ ዜና የሚያነቡት «ከወዲሁ» ይላሉ፤ ቤት ውስጥ ግን ከወዲሁ በላሁ የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። ልጆቹ በባንክ ቤቱም፣ በካፌውም፣ በታክሲውም ኦልረዲ ሲሉ እሰማለሁ፤ ቃሉ ከእንግሊዝ አገር መምጣቱን የረሳ የሰፈር ልጅ ሆኗል። እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር ልቤ ትንሽ ቆም ይላል። ይህ ቃል አንድ ጊዜ የምወደውን ሰው ይዞብኝ ሄዶ ነበር። ይህን ስለው ሹፌሩ «ታሪክ ያለው ይመስላል» አለኝ፤ መንገዱም የሚከፈት አይመስልም፤ ነገርኩት።

ያኔ ቦሌ እንዲህ አልነበረም ማለት የሽማግሌ ሁሉ ወግ ነው፤ ቢሆንም አልነበረም። አስፋልቱ ቀጥ ብሎ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ይወርዳል። ግራና ቀኙ ባሕር ዛፍ ነው፤ ከዛፉ ኋላ የግንብ አጥር፣ በአጥሩ ላይ የተንዘረፈፈ ወይን ጠጅ አበባ። ፎቅ እዚህም እዚያም አንድ አንድ ብቻ ነው የሚታየው። ከማረፊያው ወዲያ ገርጂ የስንዴና የጤፍ ማሳ ነበር፤ ዛሬ ቤቴ ያለበት አያት ደግሞ ለእኛ ለከተሜዎቹ ከብት የሚገዛበት ሩቅ አገር ነበር። በሰማያዊና ነጭ ታክሲ ተጠጋግቶ መሄድ ስሙኒ ነው። ወንዶቹ እግሩ የሰፋ ሱሪ ለብሰው አስፋልቱን በሱሪያቸው ይጠርጉታል፤ ጸጉራቸውን አጎፍረው መሐሉ ላይ ማበጠሪያ ይሰካሉ። ከሙዚቃ ቤቱ ደጃፍ የሚለቀቀውን ዘፈን ለመስማት ጫማ የሚያስጠርጉ መስለው የሚቆሙም ነበሩ። እኔ ከጉልበት በታች የሚወርድ ጉርድ ነበር የምለብሰው፤ ልብስ ሰፊው አባቴ ነውና ርዝመቱን የሚወስነውም እሱ ነበር። እናቴ ሕፃን ሳለሁ ነው የሞተችው። አባቴ ሌላ ሳያገባ፣ ከቦሌ መንገድ ገባ ብላ ባለች አንዲት ክፍል በር ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ፣ ሲሰፋ አሳደገኝ። «የልብስ ሰፊ ልጅ ናት፣ ልብሷ ላይ እንከን አይገኝም» ይሉኝ ነበር።

ትምህርቴን እንደጨረስኩ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ስልክ ተቀባይ ሆኜ ገባሁ። ሥራ አስኪያጁ ድምፅሽ ጥሩ ነው፣ እንግሊዝኛሽ ግን ይቀረዋል አለኝ። ከዚያ ቢሮ ወረድ ብሎ አንድ ዳቦ ቤት ነበረ። ፎቁ ላይ ጋሽ ፋንታሁን የሚባሉ ሰው ማክሰኞ ከሥራ በኋላ፣ ቅዳሜ ደግሞ ከሰዓት በኋላ እንግሊዝኛ ያስተምራሉ። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ መስታወት ለባሽ ሕንፃ ቆሟል፤ ባለፍኩ ቁጥር አፍንጫዬ ግን የቦምቦሊኖ ዘይት ይሸተዋል። ጠረኑ በደረጃው እየወጣ ትምህርታችንን ሁሉ ያጥነው ነበር። ስንራብ አንድ ቦምቦሊኖ ለሁለት እንካፈላለን። ጋሽ ፋንታሁን ቡናማ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ጠመኔ ይጨምራሉ፤ ስለዚህ አንድ ኪሳቸው ሁልጊዜ ነጭ ነው። ሲገቡ ሰላምታቸው አንድ ነው፦ «ኦል ረዲ?» ሁላችሁም ዝግጁ ናችሁ ወይ ማለታቸው ነው። እኛም ተማሪዎቹ በአንድ ድምፅ «የስ ቲቸር፣ ኦል ረዲ» እንላለን። ለእኔ እንግዲህ ኦልረዲ ማለት ይህ ነበር፤ ዝግጁ ማለት። ሌላ ቃል፣ ጆሮ ላይ እንደሱ ሆኖ የሚያርፍ፣ ትርጉሙ ግን የተለየ ቃል መኖሩን አላውቅም ነበር።

አባቴ ብቻዬን እንድወጣ አይወድም። የአክስቴ ልጅ ታደሰ እኔው ቢሮ ተላላኪ ስለነበረ ጠባቂዬ እሱ ነው። ክፍል ሲጀመር በሩ ላይ በርጩማ ስቦ ይቀመጣል፤ ሲያልቅ ቤት ያደርሰኛል። አንድ ማክሰኞ ጋሽ ፋንታሁን «የት» የሚባል የእንግሊዝኛ ቃል አመጡ። ሰሌዳው ላይ ጻፉና፣ አውቶቡሱ መጥቷል ወይ ብሎ ለመጠየቅ «ሃዝ ዘ ባስ ከም የት?» ይባላል አሉ። ታደሰ ከበሩ፣ «እዚያ ማዞሪያው ጋ ነዋ» ብሎ መለሰ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ፋንታሁንም ስቀው ሲያበቁ፣ «ይኸውላችሁ፣ በዚህ ቃል የሚጠይቅ ሰው እየጠበቀ ያለ ሰው ነው። ዓይኑ መንገድ ላይ ነው። ይሄ ቃል ወንድም አለው፤ ቅዳሜ እሱን አስተዋውቃችኋለሁ» አሉ። እኔ ያን ቅዳሜ ሳልገኝ ቀረሁ።

ከተማሪዎቹ አንዱ ኤርሚያስ ይባላል። ከነቀምት በኩል የመጣ፣ ቀጭን፣ ካኪ ሸሚዙ ላይ የካውያው መስመር የማይጠፋ ሰው ነበር። አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ይሠራል፤ ከአብራሪዎች ጋር በሬዲዮ የሚነጋገረው ክፍል ለመግባት የእንግሊዝኛ ፈተና ማለፍ ነበረበት። ጴንጤ ነው። በዚያ ዘመን እነሱ መስኮት ዘግተው በየሰው ቤት ነበር የሚጸልዩት፤ መዝሙራቸውንም በሹክሹክታ ነው የሚዘምሩት። ኤርሚያስ መጽሐፍ ቅዱሱን በጋዜጣ ሸፍኖ ይይዛል። አባቴ ደግሞ ቅዳሴ የማይቀርበት፣ ጾም የማይፈታ ሰው ነው። ስለዚህ ነገሩ ገና ሳይጀመር ነበር የማይሆን የሚመስለው። ሆኖም ከክፍል ስንወጣ ኤርሚያስ እስከ ታክሲው ድረስ ይሸኘናል፤ ታደሰ በመካከላችን ይሄዳል፤ እኛም በታደሰ ትከሻ ላይ በእንግሊዝኛ እናወራለን። «ትምህርታችንን እየተለማመድን ነው» እንለዋለን። እሱም «ተለማመዱ፣ ተለማመዱ» ይለናል።

ዛሬ ያሉ ልጆች ቀን ሙሉ በስልክ ሲጻጻፉ አያለሁ፤ ምን እንደሚባባሉ እግዜር ይወቀው። የእኛ ቃላት ጥቂት ነበሩ። እንግሊዝኛችን ደካማ ስለሆነ ለውሸትም ለማስመሰልም አይመችም፤ ያወቅነውን ብቻ ነው የምንለው። «ዛሬ ደክሞሻል።» «አዎ፣ ስልኩ ብዙ ነበር።» «ዝም ስትዪ ደስ ይለኛል።» ይሄንን በአማርኛ ቢለኝ ኖሮ አፍሬ ወደ ቤቴ በሮጥኩ። በእንግሊዝኛ ሲሆን ግን ሌላ ሰው የተናገረው፣ ሌላ ሰው የሰማው ይመስላል። አንድ ቀን ታክሲው እስኪሞላ ቆመን ሳለ በዚያው በእንግሊዝኛው እንዲህ አለኝ፦ ሽማግሌ ወደ አባትሽ ልልክ እፈልጋለሁ፤ አንቺ ሳትዘጋጂ ግን አልልክም። በተዘጋጀሽ ጊዜ ንገሪኝ። ታደሰ ረዳቱን ይቆጣል፤ እኔ ጫማዬን አያለሁ። እሺ አልኩት። እሺ ማለት ብቻ ነበር የቻልኩት። አባቴን እያሰብኩ ነበር።

ያች ቅዳሜ መጣች። ምሳ እንደበላን አባቴ «ዛሬ ከትምህርት ቅሪ፣ እንግዶች አሉብን» አለኝ። ሽማግሌዎች ነበሩ። መርካቶ አባቴ ጨርቅ የሚገዛበት ሱቅ ያለው ነጋዴ እኔን ለልጁ ለማጨት ነው የላካቸው። ከመጋረጃው ኋላ ተቀምጬ ሰማሁ። ስለ ልጁ ደግነት፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ ዘሩ ሲናገሩ እኔ ስለ አንድ ካኪ ሸሚዝ አስብ ነበር። አባቴ «ልጄን ላማክርና ቀን ቆርጬ እነግራችኋለሁ» ብሎ ሸኛቸው። ያን ዕለት ነው ልቤ የቆረጠው። ፈርቼ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ፍርሃቴን ይዘውልኝ ወጡ። ኤርሚያስ ይላክ፣ አባቴ ቢቆጣም ይቆጣ፣ እኔ ዝግጁ ነኝ አልኩ። በዚያች ሰዓት ታደሰ ዳቦ ቤቱ ፎቅ ላይ ሄዶ፣ ለምን እንደቀረሁ ለክፍሉ በሙሉ በኩራት እያወራ መሆኑን አላወቅሁም። «ሽማግሌ ገብቶባታል» ብሏቸዋል። ጋሽ ፋንታሁን የቃሉን ወንድም ሲያስተምሩ ኤርሚያስ ይህን ሰምቶ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ቢሮ መጣ። ታደሰ አጠገቤ ፖስታ ላይ ቴምብር ይለጥፋል። ኤርሚያስ ባንኮኒው ላይ ሁለት እጁን አስቀመጠ፤ ሰላምታም አልሰጠኝ። «የቅዳሜውን ሰምቻለሁ» አለ በእንግሊዝኛ። «እባክሽ እውነቱን ንገሪኝ።»

«ኤርሚያስ፣ አይ አም ኦልረዲ» አልኩት። ዝግጁ ነኝ ማለቴ ነው። ስናገረው ከደስታዬ ፈገግ አልኩ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«የስ። ኦልረዲ።»

ፊቴን ትንሽ አየው። ከዚያ በአማርኛ፣ «እግዚአብሔር ይባርክሽ» አለኝ። ታደሰን ጨብጦ ወጣ። በመስታወቱ ውስጥ አስፋልቱን ግራ ቀኙን ሳያይ ሲሻገር አየሁት። ሽማግሌ ሊሰበስብ ቸኩሎ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

እዚህ ላይ ስደርስ ሹፌሩ የመኪናውን ሬዲዮ ዘጋው። «ከዚያስ ማዘር?»

ከዚያማ ጠበቅሁ። ግቢውን ጠራረግሁ። አባቴ ለጥምቀት የሰፋልኝን ሰማያዊ ቀሚስ ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ እለብሳለሁ፤ አባቴ «ምነው፣ በዓል አለ እንዴ?» ይለኛል። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ይዘላል፤ ጨርቅ የሚያመጣ ይሆናል፣ ሱሪ የሚያሳጥር ይሆናል። ኤርሚያስ ማክሰኞ ክፍል አልመጣም፤ ቅዳሜም አልመጣም። በሦስተኛው ሳምንት ጋሽ ፋንታሁን ስም ሲጠሩ የእሱን ስም ዘለሉት። «አርባ ምንጭ አውሮፕላን ማረፊያ ክፍት ቦታ ነበረ፤ ለምኖ ሄደ» አሉ። በርጩማው ላይ ታደሰ «ሳይሰናበተን?» አለ። እኔ ፈርቶ ሸሸ ብዬ ነው ያሰብኩት፤ እኔ አባቴን ላስቀይም ቆርጬ ሳለሁ እሱ ግን አባቴን ፈራ። ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ ከሐዘን ይልቅ ቁጣ ይቀልለዋል። የነጋዴው ሽማግሌዎች ተመልሰው መጡ። አባቴ «ምን ትያለሽ?» ሲለኝ «እንደወደድክ» አልኩት። ከፋሲካ በኋላ ተባለ። አባቴ ለሙሽራ ቀሚሴ ጨርቅ መረጠ፤ ሲለካኝ የድሮው ልኬ ሰፋበትና፣ «ከስተሻል» አለኝ።

ትምህርቱን አላቋረጥኩም፤ ቤት ከመቀመጥ ይሻላል። በዚያ ሰሞን አዳዲስ ተማሪዎች ስለገቡ ጋሽ ፋንታሁን ወደ ኋላ ተመልሰው የቀድሞውን ትምህርት ይደግሙ ጀመር። አንድ ቅዳሜ «የት»ን ደገሙና፣ ቀጥለው ሰሌዳው ላይ አንድ ቃል ጻፉ። አነበቡት። «ኦልረዲ።» ዝግጁ ሊሉን መሰለኝ። እሳቸው ግን እንዲህ አሉ፦ «ቤታችሁ ለማታ እንግዳ ተጠርቷል። እናታችሁ ገና ሽንኩርት እየከተፈች ነው። በሩ ተንኳኳ፤ እንግዳው መጥቷል። በአማርኛ መጣ ብለን እንገላገላለን። እንግሊዝ ግን እናታችሁ ቢላዋዋን እንደያዘች የምትደነግጠውን ድንጋጤ በአንድ ቃል ይጨምርበታል። ኦልረዲ። ነገሩ ከጠበቅነው ቀድሞ፣ ሳንደርስበት ሆኖ አልቋል ማለት ነው። ‹የት› ያለ ሰው እየጠበቀ ነው ብያችኋለሁ። ኦልረዲ የተባለ ሰው ደግሞ የሚጠብቀው የለውም።»

እጄን አወጣሁ። «ጋሼ፣ አይ አም ኦልረዲ ብል ምን ማለት ይሆናል?»

«አላለቀማ» አሉ ጋሽ ፋንታሁን፤ በአረፍተ ነገሩ ብቻ ነበር የተጨነቁት። «ኦልረዲ ምን? ኦልረዲ በልተሻል? ኦልረዲ ታጭተሻል? አንጠልጥለሽ ከተውሽው ቀሪውን ሰሚው ነው የሚሞላው። የፈራውን ይሞላበታል።»

ክፍሉ ሲበተን ከወንበሬ አልተነሳሁም። ታደሰ «እንሂድ እንጂ» ይለኛል። ጋሽ ፋንታሁን ሰሌዳውን ሊያጠፉ ዞረው ነበር፤ እንባዬን ሲያዩ ዳስተሩን አስቀመጡና ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የባንኮኒውን፣ ፈገግታዬን፣ እግዚአብሔር ይባርክሽ ያለኝን። ታደሰ እየሰማ ነው፤ ከእንግዲህ ከሱ የምደብቀው አልነበረኝም። «ሁለት ቃል ናቸው፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ፋንታሁን። «አፍ ላይ አንድ ናቸው፤ ሲጻፉ ነው የሚለያዩት። ጻፊለት።»

«በምን ቋንቋ ልጻፍለት?» አልኩ።

ሳይስቁ፣ «በአማርኛ» አሉ። «ለዚህ ጉዳይ ከአሁን ወዲያ በአማርኛ ብቻ።» ቆይተው ደግሞ፣ «አይ፣ ወረቀቱም ይቅር። አባትሽን አናግሪና ራስሽ ሂጂ» አሉኝ።

ቤታችን በር ላይ ስንደርስ ታደሰ፣ «ያን ቀን ሲጨብጠኝ እጁ በረዶ ነበር» አለኝ። «ሰው የሞተበት መስሎኝ ነበር። ልጠይቀው ብዬ ሳልጠይቀው ቀረሁ።»

አባቴ መኪናው ላይ ነበር። የሚሰፋው ነጭ ነው፤ የእኔው ቀሚስ ነው። አጠገቡ ቆምኩ። «አባዬ፣ ያንን ልጅ አላገባም» አልኩት። መኪናው ቆመ።

«ቃል ሰጥቻለሁ እኮ።»

«ቃል የሰጠኸው እንደወደድክ ስላልኩህ ነው። አንተን አልወቅስህም። ልቤ ግን ሌላ ጋ ነው።»

«ማን ነው?» አለ። ነገርኩት። «የኛ ሃይማኖት ነው?»

«አይደለም። ጴንጤ ነው።»

አባቴ ክሩን በከንፈሩ አርጥቦ መርፌ ውስጥ ሊያስገባ ሞከረ። አልገባለትም። እጄን ስዘረጋ በክንዱ ከለከለኝ። «እናትሽ ብትኖር ምን እንደምትልሽ አላውቅም» አለ፤ ቀና ብሎ ሳያየኝ። «እኔ ግን ለሰዎቹ ምን እላለሁ? በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ በየት በኩል አልፋለሁ? ከሄድሽ እንደሄድሽ ነው።» አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

የአርባ ምንጭ አውቶቡስ ሲነጋጋ ነው የሚነሳው። ሻንጣዬን ታደሰ ተሸክሞ ሸኘኝ፤ በውስጡ ያለው ልብስ ሁሉ በአባቴ እጅ የተሰፋ ነው። ብቻዋን የምትጓዝ ሴት በዚያ ዘመን ዓይን ይበዛባታል፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «ማን ሞቶብሽ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ማንም አልሞተብኝም አልኳቸውና ሶዶ እስክንደርስ አለቀስኩ። እሳቸውም ሙዝ እየላጡ ይሰጡኛል። በማግስቱ ጠዋት አውሮፕላን ማረፊያው ደረስኩ። ሜዳ ነው፤ ሩቅ ሐይቁ ይታያል፤ አንዲት በቆርቆሮ የተሠራች ክፍል አለች። በሩ ክፍት ነው። ኤርሚያስ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ ከአንድ አውሮፕላን ጋር በእንግሊዝኛ ይነጋገራል። ቃሉ ጥርት ያለ ነበር፤ ፈተናውን ማለፉን በዚያ አወቅሁ። ቀና ሲል አየኝ። አፉ ቆመ። በማዳመጫው ውስጥ አንድ ሰው ይጠራዋል፤ መለሰለት፤ ዓይኑን ግን ከእኔ ላይ አላነሳም። አውሮፕላኑ እስኪያርፍ ድረስ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። መቼም እንደዚያ የዘገየ አውሮፕላን አላየሁም። አርፎ ሞተሩ ሲጠፋ ማዳመጫውን አወለቀ።

«ዝግጁ ነኝ ማለቴ ነበር» አልኩት በአማርኛ።

አልገባውም። እንደገና አልኩት። ጋሽ ፋንታሁን ሲገቡ የሚሉትን፣ እኛ የምንመልስላቸውን አስታወስኩት። ያን ጊዜ ከወንበሩ ላይ ሳይነሳ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከውጭ ሻንጣ የሚያወርዱ ሰዎች ይጣራሉ፤ እሱ አይሰማቸውም። «ስትስቂ አየሁሽ እኮ» አለኝ በመጨረሻ። «ደስ ብሏታል ብዬ ነው የሄድኩት።»

እዚያው አርባ ምንጭ፣ መስኮቱ በተዘጋ ቤት ውስጥ፣ ጥቂት ምእመናን ባሉበት ተጋባን። ዛሬ ኤርሚያስ ጆሮው ደክሟል። የሬዲዮው ጩኸት ነው ይላሉ ሐኪሞቹ። ሁሉን ነገር ሁለቴ ሦስቴ ነው የምነግረው፤ እሱም ምን እንደሰማ መልሶ ይነግረኛል፤ እኔም ልክ ነው ወይም አይደለም እላለሁ። ልጆቻችን ይስቁብናል። እኛ ግን ትዳራችንን በሙሉ እንዲህ ነው የኖርነው፤ ጆሮው ሳይደክምም በፊት።

ከተጋባን ከሁለት ክረምት በኋላ ኤርሚያስ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ገርጂ፣ ማሳው ዳር አንድ የጭቃ ቤት ተከራየን፤ የመጀመሪያዋ ልጃችን እዚያ ተወለደች። የአባቴ ቤት ከዚያ ሩቅ አልነበረም፤ እግሬ ግን ደፍሮ አልሄደም። በየበዓሉ ዶሮ ወጥ በሳህን አድርጌ በታደሰ እልካለሁ። ሳህኑ ታጥቦ ይመለሳል። «ምን አለ?» እለዋለሁ። «ምንም አላለም። በላው» ይለኛል ታደሰ። ልጄ ስትወለድ ስሟን ላክሁለት። ለዚያም መልስ አልመጣም።

አንድ የሐምሌ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ መሬቱን ይገርፈዋል። በሩ ተንኳኳ። ኤርሚያስ ከፈተ። አባቴ ነው፤ ጋቢው እላዩ ላይ ተጣብቋል፤ ጭቃው እስከ ጉልበቱ ደርሷል። ተያይተው አያውቁም፤ ሁለቱም ግን ማን ማን እንደሆነ ያውቃሉ።

«ዝናብ ይዞኝ ነው» አለ አባቴ።

ገርጂ ለእሱ የየትም መንገድ አልነበረም፤ እዚያ ማሳ ዳር ዝናብ ሊይዘው የሚችለው ወደ እኛው ሲመጣ ብቻ ነው። ኤርሚያስ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳና፣ «ይግቡ አባባ፣ እስኪያባራ ይቀመጡ» አለው። ገባ። ወንበሩ ጫፍ ላይ፣ ለመነሳት እንደተዘጋጀ ሰው ተቀመጠ። ወደ እኔ አላየም። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜያለሁ። ልጄ እየተውተረተረች ሄዳ ጉልበቱን ያዘች። ጎንበስ ብሎ አያት። ከዚያ ሸካራ እጁን ዘርግቶ ትከሻዋን በስንዝሩ ለካ፤ ከትከሻዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷም ለካ፤ ልኩን በቃሉ ሊይዘው ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ሻይ አመጣሁ። ጠጣ። ኤርሚያስ ስለ ማሳው፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ጭቃው ያወራለታል። አባቴ «እም» ይላል።

በዚህ መሐል ቆርቆሮው ላይ የነበረው ጩኸት ጋብ አለ፤ ቆየት ብሎም ጭራሽ ጠፋ። ደመናው ተገለጠ። ፀሐይ በበሩ ገብታ መሬቱ ላይ እስከ አባቴ እግር ድረስ ተዘረጋች። ከውጭ ወፎቹ ይሰማሉ። ማናችንም አባራ አላልንም። አባቴ ቀና አለ።

«አላባራም አይደል?» አለ።

ኤርሚያስ በሩ አጠገብ ነው የተቀመጠው። ወደ ውጭ አየ፤ ግቢው በብርሃን ተጥለቅልቋል። «ገና ነው፣ አባባ» አለው።

አባቴ እግሩ ላይ ያለውን ፀሐይ አየ። ኤርሚያስን አየው። ከዚያ ጀርባውን ወንበሩ ላይ አስደገፈ፤ እርጥቡን ጋቢ ከትከሻው አወረደና ወደ እኔ ዘረጋው። ከቤቱ ከወጣሁ ወዲህ ለእኔ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነው።

«እንግዲያው ይሄን ደጅ አስጪልኝ» አለኝ።